የሙዚቃ ትምህርትን ማን ይከፍል ነበር?

ከሳር ቤት በመካኒሳ አድርጎ ወደ ለቡና ጀሞ የሚወርድ ሰው በየመብራት ምሰሶውና በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ግድግዳ ላይ ተመሳሳይ ወረቀት ተለጥፎ ያያል፤ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ክራር፣ በገና እናስተምራለን፣ ቤት ለቤትም እንመጣለን ይላል። ዋጋው ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ሲደወል የሚነገረው ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ መለኪያ ነው፤ ለአንድ ልጅ፣ በሳምንት ይህን ያህል ቀን፣ በወር ይህን ያህል ብር። አንድ ልጅ ያለው ቤት ሂሳቡን ተሸክሞ ይወጣው ይሆናል። ሦስትና አራት ልጅ የሚያሳድግ ቤት ግን ወይ አንዱን መርጦ ይልካል፣ ወይ ሁሉንም ያስቀራል። ይህ አከፋፈል በጣም ስለተለመደ ከጥንት የነበረ ይመስላል። የአዲስ አበባውን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሰፈሮችና የአገሪቱን የሙዚቃ ትምህርት ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። የሙዚቃ ትምህርት በኢትዮጵያ ዋጋ ያልነበረው ጊዜ የለም፤ ዋጋው በልጆች ቁጥር መባዛት የጀመረው ግን ከአንድ ትውልድ ብዙም ያልዘለለ ጊዜ ነው። የብዙ ልጆች ወላጅ ችግርም ከዋጋው መጠን ይልቅ ከዚህ አቆጣጠር የመጣ ነው የሚል ክርክር አለኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ቤት እንጀምር። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ እየተባለ ተማሪው አገር ያቋርጥ ነበር። የኔታ ደጅ ሲደርስ የሚጠየቀው ከየት እንደመጣና እስከ ምን እንደተማረ ነው፤ ለትምህርቱ የሚቆረጥ ገንዘብ አልነበረም። የማስተማሩም ስልት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የኔታ በየተራ አንድ ተማሪ ፊታቸው አስቀምጠው ድፋቱን፣ ሂደቱን፣ ቅናቱን፣ ይዘቱን፣ ጭረቱን፣ ርክርኩን በምልክቱ እያሳዩ ያዜማሉ፤ ልጁ ይቀበላል፤ ሲሳሳት ይመለሳል። የቀሩት በዚያ ሰዓት ሥራ አልፈቱም። ጾመ ድጓውን የጨረሰው ለጀማሪው ያቀብላል፣ ድጓ ላይ የደረሰው የሁለቱንም ያርማል። ስለዚህ አንድ መምህር ብዙ ደቀ መዝሙር ይዞ መዝለቅ ይችላል፣ አንድ ተማሪ መጨመሩም የመምህሩን ድካም ያን ያህል አያበዛውም። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው የደብሩ ነው፤ መሣሪያ ግዛ የሚባል ወላጅ የለም። የኔታ የሚኖሩት ደብሩ ከያዘው መሬት በሚደርሳቸው ድርሻ ሲሆን፣ ተማሪው ደግሞ አኮፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ ያድራል። ይህ ቁራሽ በሂሳብ ዓይን ሲታይ የትምህርት ክፍያ ነው፤ ልዩነቱ የሚከፍለው መላው የአካባቢው ሰው መሆኑ ነው። ስምንት ልጅ ያለውም፣ አንድም ልጅ የሌለውም ቤት እኩል ይቆርስ ነበር።

ታዲያ ይህን ነፃ ትምህርት ነበር ብሎ መደምደም ከባድ ስሕተት ነው። አባት አንዱን ልጅ ለየኔታ ሲሰጥ እረኛ ያጣል፣ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ደግሞ ሞፈር የሚይዝ ክንድ ያጣል። ልጁ ራሱ በረሃብ፣ በውሻ ንክሻ፣ በብርድና በዱላ ይከፍላል። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ሴት ልጆች ደግሞ በአብዛኛው ከበሩ ውጭ ነበሩ፤ ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ ሴቶች ለሆኑበት ቤት ሥርዓቱ ከመነሻው የሁለት ልጆች ሥርዓት ነው። እነዚህን ሁሉ ተቀብሎም አንድ ነገር ይቀራል። ሁለተኛው ወንድም ታላቁን ተከትሎ ቢሄድ ወላጅ በእጥፍ የሚቆጥረው ብር አልነበረም።

ስለ አዝማሪ ቤት ብዙ ማለት አያስፈልግም። እዚያ ማሲንቆ የሚማረው ከአባት፣ ከአጎት፣ ከታላቅ ወንድም ነው፤ ልጅ ሲበዛ ቤቱ ይጠነክራል እንጂ አይደኸይም። ለውጭ ሰው ግን በሩ ዝግ ነበር፤ የዘጋው ደግሞ የገንዘብ እጦት ሳይሆን ንቀት ነው። የጨዋ ልጅ ማሲንቆ ቢይዝ ቤተሰቡ ያፍር ስለነበር ይህ ርካሽ ትምህርት ለሌላው ኅብረተሰብ ሳይዳረስ ኖረ።

ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት ሲመጣ ሁለት መንገዶች፣ ቤት ለራሱ ልጅ የሚከፍልበትና ሌላ አካል በጅምላ የሚከፍልበት፣ በአንድ ዓመት ጎልተው ይታያሉ። በ1916 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ላይ ለከንቲባ ገብሩ ደስታ አንዲት ልጅ ተወለደች፤ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ተብለው በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ቫዮሊን ከዚያ ጀመሩ፣ በኋላም ካይሮ ድረስ ሄደው ተማሩ። ይህ የሹም ቤት መንገድ ነው። ሁለት ሴት ልጆችን በአንድ ጊዜ አውሮፓ ልኮ ማስተማር የሚችል ቤት በዚያ ዘመን በጣት የሚቆጠር ነበር። በዚያው 1916 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በጳጉሜን ወር፣ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተዋቸው ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ያስመጧቸው የነሐስ ባንድ ናቸው፤ አርባ ልጆች የሚባሉት። ወላጅ የሌላቸው አርባ ልጆች መሣሪያውንም፣ መምህሩንም፣ ምግቡንም፣ መኖሪያውንም ያገኙት ከቤተ መንግሥት ነው። ዋጋው የተቆረጠው ለባንዱ በጅምላ እንጂ ለእያንዳንዱ ልጅ አልነበረም። የአገሪቱ የዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት የቆመው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ባንድ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የነሐስ መሣሪያዎች ቀደም ሲል በከተማው ይነፉ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦር ሠራዊቱና ማዘጋጃ ቤቱ እያንዳንዳቸው ባንድ አቋቁመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያህል ሆኑ። ጌታቸው መኩሪያ ክራርና ማሲንቆ ሲነካካ ቆይቶ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ የተቀላቀለው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው፤ ሳክስፎኑን ያገኘው ከዚህ ዓለም ነው። በባንዱ ውስጥ መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ነው፤ ክላርኔቱ የንብረት ቁጥር አለው፣ ተፈርሞ ይወጣል፣ ተፈርሞ ይመለሳል። ልምምዱ በቡድን ነው፤ ጡሩንባው ለብቻ፣ ክላርኔቱ ለብቻ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ተማሪው ደመወዝተኛ ስለሆነ ክፍያው ተገልብጧል ማለት ይቻላል፤ ቤተሰቡ ለሙዚቃ ከመክፈል ይልቅ ከሙዚቃ ይቀበላል። ከዚህ ውጪ ላለው ሰው መምህሩ ሬዲዮ ነበር። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ጣቢያ ነው፤ አገሪቱ የመጀመሪያውን የሬዲዮ ስርጭት ያሰማችው ጣሊያን ሊወር በተቃረበበት ጊዜ ከዚህ ሰፈር ነበር። ባንዶቹ በሬዲዮ መጫወት ሲጀምሩ አንድ የሬዲዮ መቀበያ ያለው ግቢ የስንቱንም ቤት ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተምር ነበር፤ ዜማን በጆሮ ይዞ በክራር ፈልጎ የማግኘት ልማድ የብዙ ሙዚቀኞች የመጀመሪያ ትምህርት ሆኗል።

በኋላ ፕሮፌሰር የሆኑት አሸናፊ ከበደ በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ይህን የመንግሥት ኃላፊነት ከጦር ሰፈር ወደ መማሪያ ክፍል አስገባው። በ1960ዎቹ ዓለሙ አጋ በገናን እዚያ አስተምረዋል፤ እሳቸው ራሳቸው የተማሩት እንጦጦ ላይ ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በልጅነታቸው ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ዕድሜያቸው ከፍ ያሉትን ጥቂቶች መርጦ ባለሙያ የሚያደርግ ተቋም ነው፤ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጆች፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በየሰፈሩ የሚል ዓላማ አልነበረውም። ይህ ክፍተት እስከ ዛሬ አለ።

ክፍተቱን ለጥቂት ዓመታት የሞላው፣ ማንም ሊያመሰግነው የማይፈልገው የደርግ ቀበሌ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር ያልበለጠ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ስለዚህ ቀበሌ የራሱ ገቢ፣ የራሱ አዳራሽና የራሱ ወጣቶች ኖሩት። ከዚህ ነው የኪነት ቡድን የተወለደው። በክፍለ ሀገር የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ገናና ሆኑ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ቀበሌው ሁሉ ከበሮ፣ ክራር፣ አኮርዲዮን ወይም ጊታር ይዞ ልጆችን ይሰበስብ ነበር። ከአንድ ቤት ታላቁ ጊታር ሲይዝ ታናሿ ውዝዋዜ፣ የመጨረሻው ደግሞ የሕፃናት መዝሙር ውስጥ ሲገባ እናት የምትከፍለው ነገር አልነበረም። ሴቶችም ገብተዋል፤ ዜማ ቤት ያላደረገውን ኪነት አድርጎታል። በሌላ በኩል ግጥሙ የፖለቲካ ነው፣ ልምምዱ አንዳንዴ የግዴታ ነው፣ ለሰልፍና ለበዓል መታየት የአባልነት ግብር ነው። በዘመኑ ያለፉ ብዙ ሰዎች ኪነትን በፍቅርና በምሬት ቀላቅለው የሚያስታውሱት ለዚህ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በቬኔዙዌላ ልጆችን በነፃ በኦርኬስትራ የሚያስተምረውን ኤል ሲስተማን ጀመረ። እዚያም መሣሪያው የጋራ ነው፣ ታላቁ ታናሹን ያስተምራል፣ ከፋዩ መንግሥት ነው፤ ለመንግሥት መሣሪያ ሆነ የሚለው ወቀሳም አልቀረለትም።

የጅምላ ከፋዮቹ ግን አልዘለቁም። በ1967 ዓ.ም. የካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የአድባራቱን መሬት ወስዶ የዜማ ቤቱን መደገፊያ አስቀድሞ አናግቶት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ሠራዊቱ ፈረሰ፣ ባንዶቹም ከሠራዊቱ ጋር ተበተኑ፤ የቀበሌ ኪነትም አቅሙና ምክንያቱ ጠፋ። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሦስቱ የጅምላ ከፋዮች፣ ደብሩ፣ ጦሩና ቀበሌው፣ አንዱ ተዳክሞ ሁለቱ ከመድረክ ወጡ። የቀረው በአመዛኙ ወላጅ ነው። መሣሪያ ያለው ሙዚቀኛ ጊዜውን በሰዓት መሸጥ ጀመረ፤ ሰዓት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ገዢውን በነፍስ ወከፍ መቁጠሩ የሚያስወቅሰው አይደለም። እዚህ ላይ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጉዳይ ከመሃል ከተማው ይለያል። ጎፋና መካኒሳ አሮጌ ሰፈሮች ናቸው፤ ጀሞና ለቡ ግን በኪነት ዘመን በአመዛኙ የእርሻ ማሳ ነበሩ። የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ነዋሪዎቻቸውን በዕጣ ከየአቅጣጫው አምጥተው ያሰፈሩት የጅምላ ከፋዮቹ ካለፉ በኋላ ነው። አሮጌ ሰፈር ቢያንስ የድሮው ቀበሌ አዳራሽ አለው፤ ከዚያ ቡድን የተረፈ ሽማግሌ ጊታሪስት አለው፤ ዕድሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። በአዲሱ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት ገና እየተዋወቀ ሳለ የሙዚቃ ትምህርት የደረሰው በግድግዳ ወረቀትና በስልክ ቁጥር መልክ ብቻ ነው። ስለዚህ በክፍለ ከተማው የደቡብ ጫፍ በልጅ የሚቆጠረው ዋጋ ብቸኛው የሚታወቅ ዋጋ ሆነ።

እዚህ ላይ የሙዚቃ መምህራን የሚያነሱት መቃወሚያ ትክክለኛ ስለሆነ መሸሽ አይገባም። ለሦስት ወንድማማቾች ዋጋ ቀንስልን የሚል ወላጅ ቅናሹን የሚወስደው ከመምህሩ እንጀራ ላይ ነው፤ መምህሩ የቤት ኪራይ አለበት፣ ታክሲ አለበት፣ ልጆች አሉት። ታሪኩም የሚደግፈው መምህሩን ነው። የኔታ ከደብሩ መሬት ድርሻ ነበራቸው፤ ናልባንዲያን በደመወዝ ነው ያስተማሩት፤ የባንድ አለቃው ማዕረግና ወርሃዊ ክፍያ ነበረው። ተማሪው በጨመረና በቀነሰ ቁጥር የመምህሩ ራት የሚወዛወዝበት ዘመን የአሁኑ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጅ ያለውን ቤት የሚያቀለው የወንድማማቾች ቅናሽ ሳይሆን የመምህሩን ከሰዓት በኋላ በሙሉ የሚቀጥር የሰዎች ስብስብ ነው። ስድስት ቤቶች ተሰባስበው አንድ መምህር በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ በቁርጥ ክፍያ ቢይዙ መምህሩ አንድ ልጅ ቢቀር ገቢው አይጎድልም፤ ከአንዱ ቤት አራት ልጅ መግባቱም የሌሎቹን ድርሻ አያከብድም። ዕቁብ የሚጥልና ዕድር የሚያዋጣ ሕዝብ ይህን ሂሳብ ለማስተማር ሌላ ሰው አይፈልግም። በዕድር መዋጮ ስንት ሰው ሞተብህ ተብሎ ተቆጥሮ አይከፈልም፤ ቤት በቤት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የጥራት ነው። ፒያኖ ወይም ቫዮሊን በጅምላ አይያዝም፤ ጣት አቀማመጥ ለመምህር ዓይን በአንድ ለአንድ መቅረብ አለበት ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የዜማ ቤቱ ሥርዓት አንድ ለአንዱን አላስቀረውም፤ አሳጠረው እንጂ። እያንዳንዱ ተማሪ የኔታ ፊት ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፣ የቀረውን ሰዓት ከእሱ አንድ እርምጃ ከቀደመው ጋር ያጠናል። በሰዓት የሚከፈልበት የዛሬው ትምህርት የሚያባክነው ይህን ነው፤ ልጁ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከውድ መምህር ጋር ተቀምጦ ከታላቅ እህቱ ጋር ሊለማመደው የሚችለውን ነገር ሲደጋግም ይውላል። ልጅ የበዛበት ቤት በዚህ ረገድ ከአንድ ልጅ ቤት የተሻለ ዕድል አለው፤ አንዱ ኪቦርድ በአራት እጅ ሲዞር ከመዋል ሌላ ምን ሥራ አለው? በገናና ክራር ደግሞ እዚሁ አገር የሚሠሩ ስለሆኑ መነሻው ላይ ከኪቦርድና ከጊታር ይቀላሉ።

ሌላው መቃወሚያ፣ ብዙ ልጅ ያለው ቤት በአዲስ አበባ እየጠፋ ነው የሚል ነው። ቁጥሩ ይህን የሚደግፍ ይመስላል፤ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአንዲትን አዲስ አበቤ ሴት አማካይ የወሊድ መጠን 1.8 አድርጎት ነበር፣ የአገሪቱን ደግሞ 4.6። ሆኖም ጥናቱ የቆጠረው የተወለደን ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ቤት የሚያሳድገው ደግሞ የወለደውን ብቻ አይደለም፤ ለትምህርት ከአገር ቤት የመጣች የእህት ልጅ አለች፣ ወላጆቹን ያጣ የወንድም ልጅ አለ። ሁለት ወልዶ አምስት የሚያበላ ቤት በጀሞ ብርቅ አይደለም። በነፍስ ወከፍ በሚከፈለው ሥርዓት መጀመሪያ የሚጎዱት እነዚህ በዘመድ ቤት ያሉት ልጆች ናቸው፤ ለወለዱት ተከፍሎ ለመጣው ሲቀር ቤቱ ውስጥ ማን ልጅ ማን እንግዳ እንደሆነ በኪቦርዱ ይለያል።

ዛሬ በክፍለ ከተማው የጅምላ ከፋዩ ሚና የቀረው በሃይማኖት ተቋማት እጅ ነው። በመካኒሳ፣ በጎፋና በላፍቶ አጥቢያዎች ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ልጆችን መዝሙርና ከበሮ በነፃ ያስተምራሉ፤ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ማኅበራትም በገና፣ ማሲንቆና ክራር ያሰለጥናሉ። መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጭምር አለው፤ ከ1950ዎቹና 60ዎቹ ወዲህ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የተመሠረቱ መዘምራንም ስንቱን ጊታሪስትና ኪቦርዲስት እንዳፈሩ ሙዚቀኛ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚህ በሮች ሰፊ ናቸው፤ ለሁሉም ግን አይሆኑም። ሙስሊም ቤተሰብ ልጁን ለጊታር ብሎ መዘምራን ውስጥ አያስገባም፤ ዘፋኝ መሆን የሚፈልግ ልጅም ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ፍላጎቱን ደብቆ ነው የሚቆየው። ከየኔታ እስከ ቀበሌ ሊቀ መንበር ብር ሳይጠይቅ ያስተማረ ሁሉ በምትኩ አንድ ነገር ጠይቋል። የግል መምህሩ ብር ብቻ መጠየቁ ከዚህ አንጻር የማይናቅ ነፃነት ነው፤ የግል ትምህርትን ጭራሽ ማውገዝ የማልስማማበትም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ የሚፈለገው ከፋይ ሰፊ ትከሻ ያለው ሆኖ የግጥሙን ይዘት የማይመርጥ መሆን አለበት። በየወረዳው ያሉ የወጣት ማዕከላት አዳራሹ አላቸው። አዲሱ የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርትም የክዋኔና የእይታ ጥበባትን አስገብቷል፤ የመምህርና የመሣሪያ እጥረቱ ሲቃለል ለብዙ ልጆች ቤት ትልቁን ሸክም የሚያነሳው እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሁሉ፣ አንደኛውም አምስተኛውም፣ ይደርሰዋልና። እስከዚያው ድረስ ግን የኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ማኅበርና ዕድር ከማንም ይቀርባሉ። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በጋራ ገዝቶ በዕቃ ግምጃ ቤት የሚያስቀምጥ ዕድር ሁለት ኪቦርድና አራት ክራር ጨምሮ ማስቀመጥ አይከብደውም፤ የወንበሩ መዝገብ ላይ ማን ወሰደ ማን መለሰ ተብሎ እንደሚፈረመው ሁሉ፣ የድሮው ባንድ ክላርኔቱን እንደሚያስፈርመው፣ ልጆቹም ይፈርማሉ። የሚቀረው ክርክር በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚነሳው ነው፤ ልጅ የሌላቸው አባላት ለምን እናዋጣለን ማለታቸው አይቀርም። ለየኔታ ተማሪ ቁራሽ የሚሰጡት ቤቶችም ሁሉም ልጅ አልነበራቸውም፤ በበዓል ቀን ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ የሚወርደውን ዜማ ግን ሁሉም ይሰሙት ነበር።